ከቁምሳጥኑ በር ጀርባ ያለው ወረቀት

ማንበብ ሳልችል ከአሥር ዓመት በላይ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ "እንዴት ተደርጎ?" ይላል። እኔም ለብዙ ጊዜ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። በብልጠቴ ነው እል ነበር። ብልጠቱ የማን እንደነበረ የገባኝ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ ይህን በገዛ እጄ የምጽፈውም ለዚያ ሰው ያለኝን ምስጋና ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ስለማልፈልግ ነው።

የተወለድኩት ጅጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ አባቴም እዚያው ከተማ የቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ኖረ። የጸሐፊ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር መቅረቱ ጉድ ነው። ግን እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ታመመች፣ እኔ ደግሞ የበኩር ልጅ ነበርኩ። ወንድሞቼ ደብተር ሲይዙ እኔ የመጨረሻዋን ሕፃን አዘልኩ። "የሚቀጥለው ዓመት ትገቢያለሽ" ይሉኛል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣም ያው የሚቀጥለው ዓመት ይሉኛል። አማርኛን ከቤት፣ ሶማሊኛን ከጎረቤት ይዤ አደግኩ። በሁለቱም መሳደብ፣ ማስታረቅና ዋጋ መከራከር እችላለሁ፤ በአንዱም ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የገባሁት በጽዳት ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሶማሌ ነበሩ፤ ሁላችንም አዴር እንላቸዋለን፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። አንድ ቀን ወለሉን ስወለውል ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና መሰላል ላይ መውጣት ትችያለሽ ወይ አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ፋይል የምታወርጅልኝ አንቺ ነሽ አሉ። ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ካልተጠየቅኩ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መወልወያ ይዞ ከማጎንበስ ፋይል ይዞ ቀና ብሎ መሄድ ምን ያህል እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም።

አዴር አዲጋላ አካባቢ ተወልደው ግመል መሃል ያደጉ ናቸው። በእነሱ ዘንድ የየጎሳው ግመል አንገቱ ወይም ታፋው ላይ በጋለ ብረት የሚተኮስ የራሱ ምልክት አለው፤ ሱማድ ይሉታል። ግመሉ ጠፍቶ ሌላ አገር ቢገኝ እንኳ ሱማዱን ያየ ሰው የማን እንደሆነ ያውቃል። አዴር ይህንኑ መዝገብ ቤት ውስጥ አመጡት። እኔ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ወፍራም ማርከር ይዘው የእንጨቱን ቁምሳጥን መደርደሪያዎችና የፋይሎቹን ጀርባ ምልክት ያደርጉባቸው ጀመር፤ ለሠራተኞች ጉዳይ ክብ፣ ለግዢ የቁራ እግር፣ ለንብረት ሁለት ጭረት፣ ለአቤቱታ ማጭድ የሚመስል ነገር። ከሥሩ ደግሞ ቁጥር። ቁጥር አውቃለሁ፤ ገበያ ላይ ያደገን ሰው ቁጥር ማን ያስተምረዋል? ፋይል ሲፈለግ አዴር ቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፉና ጥጉ ላይ ምልክቱንና ቁጥሩን ያስቀምጣሉ። እኔ ስሙን ትቼ ጥጉን አያለሁ። የሠራተኞቹ ፋይል ላይ ጉርድ ፎቶም ነበር፣ የሰው ፊት ደግሞ አልረሳም። "እኔ የግመል ሰው ነኝ፣ ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምነኝም" ይሉ ነበር። በልቤ እስቅባቸው ነበር። የሽማግሌው ልማድ መደበቂያ ሆኖኝ፣ እሳቸው አለመንቃታቸው ይደንቀኝ ነበር።

ከቁምሳጥኑ በር ጀርባ አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በየቢሮው በር ጀርባ የንብረት ዝርዝር ይለጠፋል፤ ወንበር ይህን ያህል፣ ጠረጴዛ ይህን ያህል የሚል። ያም እንደዚያው መስሎኝ ጠዋት ጠዋት አቧራውን እጠርግለት ነበር።

አዴር ጡረታ ወጥተው ወደ አዲጋላ ሲመለሱ የእኔ ነገር አለቀለት ብዬ ፈርቼ ነበር። ልማዱ ግን አልቀረም። የተኳቸውም ሰው፣ ከሌላ ክፍል የሚመጡትም፣ ጥጉ ላይ ምልክቱን እየሳሉ ይልኩልኛል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው አልኩና ተደላደልኩ።

በ2010 ክረምት ከተማው ሲረበሽ ቢሮዎች ተዘጉ። እኔንና ልጆቼን በዚያ ሳምንት ሶማሌ ጎረቤቶቼ ቤታቸው አስገብተው አሳለፉን፤ እሱም ሌላው የማልረሳው ውለታ ነው። ቢሮ ሲከፈት ብዙ ሰው ተቀይሮ ነበር። አዲስ የመጣችው ኃላፊ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ሶማሌ ናት። ፈጣን ናት። በሁለት ወር ውስጥ የብረት መደርደሪያ አስገባች፣ ፋይሎቹን በሙሉ አዲስ ካርቶን አለበሰች፣ በየካርቶኑ ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ ስም አስለጠፈች። የእንጨቱ ቁምሳጥን ወደ ሻይ ክፍል ሄዶ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ። ክቡም፣ የቁራ እግሩም፣ ማጭዱም፣ ጉርድ ፎቶውም በአንድ ቅዳሜ ጠፉ። ሰኞ ጠዋት መደርደሪያው ፊት ቆሜ ሁሉም ካርቶን አንድ መልክ ሆነብኝ።

በሳምንቱ ተያዝኩ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ሆና ዝውውር የጠየቀ የአንድ ሠራተኛ ፋይል አምጪ ብላ ላከችብኝ። የወረቀቱ ጥግ ባዶ ነበር። በስሙ ርዝመት ገምቼ አንዱን ይዤ ሄድኩ። ከፈተችው፣ አየችው፣ ቀስ ብላ ዘጋችው። ያመጣሁት ከሞተ አራት ዓመት የሆነውን ሰው ነበር። ስብሰባው ላይ የተቀመጡት ሳቁ፤ እኔም መነጽሬን ረስቼ ነው ብዬ አብሬ ሳቅሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

መጥፎ ሰው ብትሆን ኖሮ እዚያው ላይ ትተወኝ ነበር። ደግ ሆነችና ጉድ ፈላብኝ። ኤዶ አለችኝ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ዓይንሽን መመርመር አለብሽ ብላ ደብዳቤ አጽፋ ክሊኒክ ላከችኝ። ሐኪሙ ሰው በዝቶበት ነበር። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ እያመለከተ አንብቢ አለኝ። ዝም ስል ሌላ ሰሌዳ ሰቀለና የምልክቱ እግሮች ወደየት እንደዞሩ በእጅሽ አሳዪኝ አለኝ፣ አሳየሁት። የሆነ ነገር ጻፈ፣ ማኅተም አደረገና ለመሥሪያ ቤትሽ ስጪ ብሎ አሰናበተኝ። መነጽር ያዘዘልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ጊዜ አውጥቼ ማኅተሙን አየሁት። ከዚያ በገዛ እጄ ወስጄ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና፣ አላልኩሽም? አልኳት።

አነበበችው። ተነስታ በሩን ዘጋች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

"ኤዶ፣ ዓይንሽ ጤነኛ ነው ይላል" አለችኝ። "ፊደል ስለማታውቅ በምልክት ተመርምራለች ይላል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የማስታውሰው ጣቶቼን ማየቴን ነው። ወደ ጽዳት ልመለስ ወይስ ልሰናበት ብዬ እንኳ መጠየቅ አቃተኝ። ኃላፊዋ ወረቀቱን አጥፋ የራሷ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። አጠገባችን ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት እንዳለ፣ በእነዚያ ቀናት ቀድሜ እንድወጣ እንደምትፈቅድልኝ ነገረችኝ። የመዝገብ ቤቱን ቦታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሌላ ሰው እንደማትሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዝም ማለት እንደማትችል አልደበቀችኝም። ሥራው በልጅነቴ ካጣሁት ነገር ያተረፍኩት ብቸኛ ነገር ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ማክሰኞ ሄድኩ።

ወንበሮቹ የልጆች ናቸው፣ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መምህሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ስንሳሳት ጠመኔውን በእጁ ይሰብራል እንጂ ቃል አይወጣውም። መጽሐፉ በሶማሊኛ ነው፣ በላቲን ፊደል። እኔ አማራይቱ፣ ሀ ሁ የምማር መስሎኝ ሄጄ፣ ሶማሌ ጎረቤቶቼ በሚጽፉበት ፊደል ጀመርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው የግመል ወተት ነጋዴ ነበረች፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ። ከገጠር የሚመጡላትን ጄሪካኖች የምትለየው እጀታቸው ላይ በምታስረው የጨርቅ ቁራጭ ነበር፤ ቀይ የእገሊት፣ አረንጓዴ የእገሊት። አንድ ቀን ጨርቆቹ ተቀያይረው የጎምዛዛውን ወተት ነቀፌታ ለማይገባት ሴት ሰጥታ ከእሷ ጋር ተቀያየመች፤ ለዚያ ነው ልትማር የመጣችው። "አንቺ የመንግሥት፣ እኔ የወተት፣ ወንበራችን ግን አንድ ነው" እያለች ትስቅብኛለች። ከእኔ ፈጠን ትላለች፣ በዚህም ስበሳጭ የበለጠ ትፈጥናለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያላለኝ ሰው የለም። የእኔ እንቁላል ግን ለወራት ባለበት ተቀምጦ ነበር። ፊደሎቹን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፣ ሲሰለፉ አላውቃቸውም። ቢሮ ውስጥ ማንም ሳይኖር ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ሁለት ጊዜ ማልቀስ አምሮኝ አንዴ አልቅሻለሁ። ሰኔ ላይ ታዲያ አንድ ማለዳ መደርደሪያው ፊት ቆሜ፣ ሳልፈልግ፣ የአንድ ሰው ስም በአፌ ወጣ። የሚቀጥለውም ወጣ። ሰው ቤት እንደገባ ሌባ ዘወር ብዬ ሰው አለ ወይ ብዬ አየሁ።

ዓመቱ ሲያልቅ ኃላፊዋ ራሷ መጣች። ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ጥጉ ባዶ ነው፤ በሶማሊኛ አንድ ስም ብቻ ተጽፎበታል። ጊዜ ወስጄ አነበብኩት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋት። ከፈተችው፣ ሕያው ሰው ነበር። አቀፈችኝ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፤ ልጅ ስወልድ እንኳ እንደዚያ ስለ ራሴ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ራሴን ሻይ ልጋብዝ ብዬ ወደ ሻይ ክፍል ሄድኩ።

ብርጭቆ ላወጣ ያንን አሮጌ ቁምሳጥን ስከፍት ወረቀቱ ከበሩ ጀርባ እዚያው ነበር። በደስታ የሰከረች ሴት ነበርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ነበር የምፈልገው። የንብረት ዝርዝሩን ላንብብ አልኩ። በሶማሊኛ ነው፣ በአዴር እጅ፤ እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። እንዲህ ይላል፦

"ለመዝገብ ቤት ባልደረቦች። ፋይል የምታወርደው እህታችን ፊደል አልቆጠረችም። ስትልኳት ምልክቱንና ቁጥሩን ጥጉ ላይ ሳሉላት። ሰው ፊት አንብቢ አትበሏት። ሥራዋ አይጎድልም። እህቴ ናት።"

ከሥሩ አንዲት መስመር በአማርኛ ፊደል ተጽፋለች። እሷን አልቻልኩም።

ሻዩን ትቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ምስጋና አልነበረም፣ ንዴት ነው። ያንን በር የከፈተ ሁሉ አንብቦታል። የግዢው ሰውዬ፣ ሾፌሩ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ፣ ሁሉም። ለአሥር ዓመት የደበቅኩት ምሥጢር በየቀኑ አቧራውን የምጠርግለት ማስታወቂያ ኖሯል። ሽማግሌውን አታለልኩ ብዬ ስስቅ የነበርኩት ሴትዮ እኔ ነኝ። የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ ማንንም አንብብልኝ አልልም አልኩ። እስካሁን ሌላ ሰው ያነበበልኝ ይበቃል።

ለበዓል ፈቃድ ወስጄ ወደ አዲጋላ ሄድኩ። በድሬዳዋ በኩል ነው የሚኬደው፤ የጅጅጋን ነፋስ የለመደ ሰው ያንን ሙቀት ይቸገራል። አዴር ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ ግቢያቸው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሻይ በግመል ወተት አስቀረቡልኝ፣ ልጆቼን በየተራ ጠየቁኝ። ሰላምታው ሳያልቅ ንዴቴ እንዳያልቅብኝ ፈራሁና አቋረጥኳቸው።

"ካወቁ ለምን አልነገሩኝም? ለምን አላስተማሩኝም?"

ወረቀቱን እንዳነበብኩት ወዲያው ገባቸው። መቁጠሪያቸውን አሹት።

"ሱማድ ግመሏ እንዳትጠፋ ያደርጋል እንጂ ውሃ አያጠጣትም" አሉ በመጨረሻ። "ብነግርሽ ጥለሽን የምትሄጂ መሰለኝ። ፈራሁ።"

እውነታቸውን ነው። በዚያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ በማግሥቱ አልገባም ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። ይህን ግን ያን ቀን አላመንኩላቸውም። እሳቸውም ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የመጨረሻዋ መስመር በአማርኛ ፊደል ናት፣ እሱን ገና አልተማርኩም አልኳቸው። በአማርኛ ያሳደጓት ሴት አማርኛ አላነብም ማለቷ ሳል እስኪይዛቸው አሳቃቸው። እንግዲያው አልጨረስሽም፣ ስትጨርሺ መጥተሽ ትቆጪኛለሽ አሉ። ንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። አልነገሩኝም።

እልህ ያዘኝ። በተከታዩ ዓመት አማርኛ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ፤ የወተት ነጋዴዋና እኔ በእሷ ግቢ ደጃፍ ላይ ራቅ ራቅ ብለን ተቀምጠን ቀጠልን። ሶማሊኛውን እሷ ታርመኛለች፣ አማርኛውን ከልጄ መጽሐፍ እየቆጠርኩ እኔ አስተምራታለሁ። ጨርቆቹን ሁሉ ከጄሪካኖቹ ፈታ ጥላቸው ነበር፤ አሁን የእያንዳንዷን ሴት ስም በቀለም ጽፋባቸዋለች። የላቲኑን ፊደል ሃያ ስድስት ነው ብዬ ስማረርበት የነበርኩት ሴት ሀ ሁ ሂ ሃ ላይ ስደርስ ይቅርታ ጠየቅኩት። ወደ ሻይ ክፍሉ ቁምሳጥን ግን ሆን ብዬ አልጠጋም ነበር። እየፈታሁ እየገመትኩ እንዳላበላሻት፣ አንድ ጊዜ ልክ እንደ ሰው ላነባት ነበር የፈለግኩት።

ትምህርት ተከፍቶ፣ ዓመትም አልፎ፣ አንድ ጠዋት ሻይ ክፍል ሰው ሳይገባ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ጣቴን እንኳ አላስቀደምኩም። አነበብኳት።

"እህቴ፣ ይህችን ያነበብሽ ቀን ወረቀቱን ቅደጂው፤ እስከዚያ እጠብቃለሁ።"

ከላይ ያለው ሁሉ ለሌሎች ነበር። ይህች ለእኔ ነበረች፣ በእናቴ ቋንቋ። መዝገብ ቤት በገባሁ በሳምንቱ የጻፏት ናት። ያን ሁሉ ዓመት መሰላል ላይ ወጥቼ ስወርድ፣ በልቤ ስስቅባቸው፣ እሳቸው ይጠብቁኝ ነበር። ቁምሳጥኑን ይዤ አለቀስኩ፤ ይህንን ለቅሶ አላፍርበትም።

እስኪረፍድ መጠበቅ አልቻልኩም፣ ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ደክሟል። አነበብኩት አልኳቸው። 

"ቀደድሽው?" አሉ።

"አልቀደድኩትም።"

"ማንበብ እንጂ መታዘዝ አላስተማሩሽም ማለት ነው" አሉኝ።  ልቆጣዎት ነበር የደወልኩት አልኳቸው፤ በይ ተቆጪ አሉ፤ አልቻልኩም።

አሁን ስምንተኛ ክፍል ነኝ። የወተት ነጋዴዋ ቀድማኛለች፣ ይህንንም ሳትነግረኝ የምትውልበት ቀን የለም። ወረቀቱ እስከ ባለፈው ወር ድረስ እዚያው በሩ ጀርባ ነበር። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ላወጣ ስገባ፣ ሻይ የምታፈላልን ሴት በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላ ስትጠርገው አገኘኋት። ምን እንደሚል ጠየቅኳት። የብርጭቆው ዝርዝር ነው፣ ቢሮ የለጠፈው ነው አለችኝ፣ ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች።

ምልክት አልሳልኩላትም። ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጥኩና ለሁለት ቀደድኩት፤ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኳት።